ጉበት ስለ ተተከለላቸው ሕፃናት



እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር ከተማ የሐሞቱ መውረጃ ተደፍኖ ለተወለደ የሦስት ዓመት ሕፃን ጉበት ሊተክሉ ሞከሩ፤ ሕፃኑ ግን ብዙ ደም ፈሶት በዚያው ሞተ። በ1967 የተተከለላት ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን በ1989 በቺካጎ አንዲት እናት የጉበቷን ቁራጭ ለልጇ መስጠቷ ነው፤ ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋልና።

ነገር ግን ሰውነት ባዕዱን ጉበት እንዳይገፋው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ሐኪሞች አጥብቀው የሚሠጉትም በእኛ ዕድሜ ላሉት ነው። በሕፃንነቱ እናቱ ስታውጠው የኖረውን ኪኒን፣ ጎረምሳው «ደኅና ነኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ጉበቱም ሳያስታውቅ ይጎዳል።