የጓሯችን እንሰትና የአፍሪካ ካርታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



ጂኦግራፊ ማለት የተራራና የወንዝ ስም መሸምደድ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኔም እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ በተሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ፥ ይህ ትምህርት በቤታችን የሆነውን ነገር እንዴት እንዳስረዳኝ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ነገሩን ከውሃ እጀምራለሁ። በከምባታና በሐዲያ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ አይሄድም። ወደ ምሥራቅ የወረደው በብላቴ ወንዝ አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የወረደው ግን ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል፤ የዚህም ሐይቅ አብዛኛው ክፍል በኬንያ ግዛት ነው። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ ለእኛ የመብራት ነገር ሲሆን፥ በቱርካና ዳር ዓሣ ለሚያጠምዱት የሥጋት ነገር ሆኖ ነበር። የአባያን ውሃ የሚያቀላውም ወንዞች ተሸክመውት የሚገቡት ደለል ነው። እኔ ሐይቁን አይቼ አላውቅም፤ የደጋችን አፈር ግን ደርሶበታል።

አፈርን ካነሣሁ እንሰትን ሳላነሣ አላልፍም። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ ሰው የሚመግብ ተክል ነው። የከብት ፍግ እየተደረገለት በጓሮ ይበቅላል፤ ዝናብ አንድ ዓመት ቢያጥር እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት ሕዝባችን በጠባብ ስፍራ በዛ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ፥ የከምባታ ጠምባሮ ዞን ይባል በነበረው አገር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 500 ሰው ይኖር ነበር። (ያ ዞን ዛሬ በዚያ ስም የለም፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት እኛ ከቦታችን ሳንነሣ ካርታው ተንቀሳቀሰ።) እንሰት ሕዝቡን ቢያበዛም መሬቱን አያበዛም። አያቴ ማሳውን ለልጆቻቸው አካፈሉ፤ አባቴም የደረሳቸውን ለእኛ ለአራት ወንድማማቾች ሊያካፍሉ ነው። ማሳውን ዞሮ ለመጨረስ ከአንድ መዝሙር የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም።

እዚህ ላይ የሩቅ አገር ፖለቲካ ቤታችን ይገባል። በ1986 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ አበቃ። በሩ ለአፍሪካውያን ከቀድሞው ይልቅ ስለ ተከፈተ፥ ከከምባታና ከሐዲያ ወጣቶች እየተነሡ በሞያሌ አድርገው ኬንያን፥ ታንዛንያን፥ ማላዊንና ሞዛምቢክን እያቋረጡ መሄድ ጀመሩ። በላኩት ገንዘብ በሆሳዕና ፎቅ ተሠራ፤ የሠርጉም ወግ ተለወጠ፤ ለቅሶም በስልክ መድረስ መጣ። ታላቅ ወንድሜም በሬ ተሸጦለት ሄደ።

ነገር ግን በግንቦት 2000 ዓ.ም. በዚያ አገር በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ተነሥቶ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሞዛምቢክ፥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የተረፉት 14 ነበሩ። በካርታችን ላይ ቴቴ በዛምቤዚ ወንዝ ዳር ያለች ነጥብ ናት። ስለ እርስዋ በፈተና ተጠይቀን አናውቅም።

ባለፈው መስቀል ወንድሜ ደውሎ፥ «ትምህርትህን ስትጨርስ ና» አለኝ። አባቴ ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ የአፍሪካን ካርታ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወስጄ ዘረጋሁላቸው። ከአንጋጫ እስከ ጆሃንስበርግ በስንዝራቸው ለኩና፥ «ይህችው ናት?» አሉኝ። በካርታው መስፈርት አሰላሁና በአየር እንኳ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ነገርኋቸው። ቴቴንም አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከነጥቧ ላይ ሳያነሡ፥ «ወንድምህም በዚህ አለፈ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን፥ አልኋቸው። ካርታውን ራሳቸው ጠቅልለው ሰጡኝ።

ካርታውን ለትምህርት ቤቱ መልሻለሁ። ለወንድሜ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።