ውሃው ከግድቡ እስከ በርሜሉ


ድርቅ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ውሃው መጠን ነው። ስንት ቦቴ ገባ? የግድቡ ውሃ እስከ መቼ ያደርሳል? ስለ ንጽሕናው የሚጠየቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው።

አዲስ አበባን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከተማይቱን በምዕራብ በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ፣ በምሥራቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብና በኋላ የተጨመረው የድሬ ግድብ፣ በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ያጠጧታል። የለገዳዲ ውሃ ጎርፍ በሚያመጣው አፈር እጅግ ስለሚደፈርስ፣ በማጣሪያ ጣቢያው ጭቃው በኬሚካል እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ በአሸዋ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ይለቀቃል። የጉድጓዱም ውሃ ለዓይን የጠራ ቢሆን፣ ከላይ የሰፈረው ሕዝብ ፍሳሽ ወደ ታች ሊሰርግ ስለሚችል የራሱ ምርመራ ያሻዋል።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ውሃው ከጣቢያው ከወጣ በኋላ ነው። ቧንቧ ሞልቶ ግፊት ሲኖረው፣ ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጭው እድፍ ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ግን ቧንቧው ባዶውን ይውላል፤ በአጠገቡ የፍሳሽ ቦይ ካለ፣ የተበከለው ውሃ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሳባል። በመሆኑም ምርመራ መብዛት ያለበት ውሃ በተትረፈረፈ ጊዜ ሳይሆን በጠፋ ጊዜ ነው። በ2008 ዓ.ም. አገሪቱ በኤልኒኞ ድርቅ በተመታችበት ዓመት አተት አዲስ አበባ ድረስ መግባቱ አይዘነጋም።

ናሙና የሚቀዳው በተቀቀለ ጠርሙስ ነው፤ በበረዶ ሣጥን ሆኖም በዚያው ቀን ላቦራቶሪ መድረስ ይገባዋል። ፀሐይ ላይ ሲንከራተት የዋለ ናሙና የሚናገረው ስለ መኪናው ጉዞ እንጂ ስለ ከተማይቱ ውሃ አይደለም። በላቦራቶሪ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በረቂቅ ማጣሪያ ያልፍና ማጣሪያው በ44 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በማግሥቱ ሲሰማ ውሃው ተጠጥቶ አልቋል። ስለዚህ የመስክ ሠራተኛው የመጀመሪያ መሣሪያ አንዲት ትንሽ ኪኒን ናት። በናሙናው ውስጥ ስትሟሟ ክሎሪን ካለ ሮዝ ቀለም ይወጣል፤ በቦኖው ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የሚደርስ ቀሪ ክሎሪን መታየት አለበት። ለተፈናቃዮች በቦቴ የሚታደለውም ውሃ በዚሁ ይፈተናል፤ ክሎሪን ከተጨመረበት በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቆይ መታደል የለበትም። ወረፋው ሲረዝምና ሕፃናት ሲያለቅሱ ይህን ደቂቃ ማስጠበቅ ቀላል አለመሆኑን በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ምርመራው በቦኖው ካበቃም ጎደሎ ነው። ከፈረቃ ወደ ፈረቃ የተጠራቀመ ውሃ በበርሜል ሦስትና አራት ቀን ሲቆይ ክሎሪኑ እየጠፋ ይሄዳል፤ ጣሳ በገባ ቁጥር እጅም አብሮ ይገባል። ስለዚህ መርማሪው በር አንኳኩቶ «እናቴ፣ ከምትጠጡት ላይ ይቅዱልኝ» ብሎ መለመን፣ ውጤቱንም ተመልሶ መንገር ይኖርበታል። ናሙና ተወስዶባት ውጤቱን ያልሰማች እናት በሚቀጥለው ጊዜ በሯን አትከፍትም።