የሚያወራው ስልክና የዓይናችን ሰደቃ

  



በቅርቡ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጥቂት ወጣቶች ወደ እኔ መጥተው ስሞታ አቀረቡ። በጀመዓችን ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አለ። ስልኩን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ስልኩም በፊቱ ያለውን ነገር በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይነግረዋል። «ኡስታዝ፣ ይረብሸናል፤ ካሜራውም ሰጋጁን ሁሉ ያነሳል፤ ይከልክሉልን» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልከለክለው ተነስቼ ነበር። ነገር ግን ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ አይፈረድምና አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ሶላት ሲያበቃ ጫማዎን አይተው ያነሳሉ» አለኝ። «እኔ ሰው ሁሉ እስኪወጣ እጠብቅና የቀረውን እየዳሰስኩ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ጊዜ የሚቀርልኝ የኔ አይደለም።» ቀጥሎ የነገረኝ ግን ከጫማውም የከበደ ነው። አምና የሕክምና ውጤቱን ወረቀት የጎረቤት ልጅ አነበበለት። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ሆኖም ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሕመሙን አወቀ። ዛሬ ወረቀቱን ስልኩ ያነብለታል። ይህን ሲነግረኝ ስለ ረብሻው ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ጥቂት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በስማርት ስልኮች ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ተስፋፉ። በ2015 ሃንስ ዮርገን ዊበርግ የተባለ የማየት ችግር ያለበት የዴንማርክ ሰው «ቢ ማይ አይስ» የተሰኘውን አፕሊኬሽን ጀመረ። ዓይነ ስውሩ በቪዲዮ ሲደውል የሚያይ በጎ ፈቃደኛ ካሜራው የሚያሳየውን ይነግረዋል፤ ክፍያ የለውም። በ2017 ደግሞ ማይክሮሶፍት «ሲኢንግ ኤአይ» የተባለውን አወጣ። ሥራውን የመራው ሳቂብ ሸይክ በ7 ዓመቱ ዓይኑን ያጣ መሐንዲስ ነው። ከ2023 ወዲህ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ሰው መኖሩ የግድ መሆኑ ቀርቷል። ፎቶው በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ብዙ ሥዕልና ጽሑፍ የተማረው ኮምፒውተር ያየውን በዓረፍተ ነገር ይመልሳል።

መምህሩ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁትና ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ስልኩ ተናገረ፤ እሱም ተረጎመልኝ። ጺም ያለው ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ በእጁም መጽሐፍ ይዟል አለ። ጺሙም ምንጣፉም ልክ ነው። በእጄ የነበረው ግን መስበሓ እንጂ መጽሐፍ አልነበረም። ሳቅን። ከዚያ ያለኝን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ሰውም ይሳሳታል፣ ኡስታዝ። ሰው ሲጠራጠር ግን ድምፁ ይለወጣል፤ “መሰለኝ” ይላል። ይህ ሲያውቅም ሲሳሳትም ድምፁ አንድ ነው።»

ወንድሞችና እህቶች፣ የሐዲስ ዑለሞቻችን ስንት ዘመን የደከሙት በዚሁ ጉዳይ አይደለምን? የሚያወራን ሰው ሁሉ አልተቀበሉም። ታማኝነቱንም፣ ወሬውን አጥርቶ መያዙንም መረመሩ። ስልክ እንደ ሰው ታማኝ ወይም ከሃዲ አይባልም፤ መሣሪያ ነው። አጥርቶ መያዙ ግን መፈተን አለበት።

ዓይነ ስውር በሌላው ዓይን መተማመኑ ውርደት አይደለም። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ሆነው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ነበሩ። ሰዎች መንጋቱን እስኪነግሯቸው ድረስ ለሱብሕ አዛን አያደርጉም ነበር። የመዲና ሰው ጾሙን የሚይዘው በእርሳቸው ድምፅ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በሚያዩት ሰዎች ቃል። ሱረቱ ዐበሰ የወረደውም በእርሳቸው ሰበብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፉቀሃዎችም ዓይነ ስውር ቂብላን በራሱ ማረጋገጥ ካልቻለ የታመነ ሰው ቃል እንዲከተል አስተምረዋል።

ስለዚህ ለመምህሩ የመለስኩለት እንዲህ ነው። የሸቀጥ ስም፣ የልብስ ቀለም፣ የበር ቁጥር ስልኩ ይንገርህ፤ ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል ነው። የመድኃኒት መጠንና መንገድ መሻገር ግን በስልኩ ቃል ብቻ አይሁን፤ የሚያይ ሰው ይጨመርበት። የስልክ የቂብላ መጠቆሚያም አጠገቡ ብረት ካለ ይስታልና፣ ሚሕራቡን መዳሰስ ወይም ሰው መጠየቅ ይቀድማል። ስለ ፎቶ ሑክም የዑለሞችን ክርክር ዛሬ አልገባበትም፤ ለፓስፖርት ፎቶ የተነሳ ሰው ወንድሙን ለዓይኑ ምትክ ባይከሰው ይሻላል። ነገር ግን ፎቶው ከስልኩ ወጥቶ እንደሚሄድ ማወቅ ያሻል። ሰፈር እንዳይሰማው የሸሸገው ወረቀት በሩቅ ኮምፒውተር ሊያልፍ ይችላል። ሂጃቧን ያወለቀች ሴት ባለችበት ቤት ካሜራውን ከመክፈት በፊት መናገር ግዴታ ነው።

እኛ የምናየውስ? ለማየት ለተቸገረ ሰው ማየት ሰደቃ መሆኑ በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ተነግሮናል። ይህ ስልክ ሰደቃችንን እንዳይወስድብን እፈራለሁ። «ስልክ አለው እኮ» እያልን እጁን የምንለቅ ከሆነ ከስረናል። ደግሞም ስልኩን የሚገዛው፣ የኢንተርኔት ሒሳብ የሚከፍለው፣ እንግሊዝኛ የሚሰማው ስንቱ ነው? በመምህሩ ስልክ ላይ የአማርኛ ወረቀት ሲነበብ ፊደሉ ሲምታታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቤተሰብ ይጠቅማልና። በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። «እርጅና ነው» ተብለው ጥግ የተቀመጡ እናት ቤታችሁ ካሉ፣ ከስልኩ በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው።

ወደ ስሞታው ልመለስ። መምህሩ መስጂድ ውስጥ ስልኩን በጆሮ ማዳመጫ እንዲጠቀም፣ በሶላት ሰዓትም ካሜራውን እንዲዘጋ ተስማማን። ከከሳሾቹ አንዱ ከቤቱ እየወሰደ ሊያመጣው ራሱ ጠየቀ። ለጫማውም ከበሩ በስተቀኝ ከመደርደሪያው የላይኛው ረድፍ የመጀመሪያው ቦታ ተለቀቀለት። ወደ መስጂዳችን የምትመጡ አድማጮች፣ አደራ፣ ያቺን ቦታ አትያዙበት።