አስታማሚዋን ማን ይተካታል?

ባለፈው ሰሞን ወደ ባሌ ተጉዤ ሳለሁ ከሮቤ ተነሥቼ በጎሮ በኩል ሶፍ ዑመርን አይቼ ተመለስሁ። የወይብ ወንዝ ዐለቱን ሰርስሮ በማዶ ብቅ የሚልበት ይህ ዋሻ ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለ ድንቅነቱ ሌላ ቀን እናገራለሁ፤ ዛሬ የማነሣው ከዋሻው ብዙም ሳይርቅ በአንድ ቤት ስላየሁት ነገር ነው።

አንዲት ሴት የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አባቷን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ብቻዋን ታስታምማለች። ገላቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ልታገላብጣቸው ይገባል። «ቀኑንስ ጎረቤት አለ፤ የቸገረኝ ሌሊቱ ነው» ስትል በአስተርጓሚ ነገረችኝ። ወንድሞቿ በከተማ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ። እኔም ከዚህ ላይ አፈርሁ፤ እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመች እኅቴ ናት፤ እኔ ላኪ ብቻ ነበርሁ። እርስዎስ?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ አይደለምን የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በገጠር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች እየተመደቡ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን 5,000 ለሚያህል ሕዝብ ክትባቱን፣ የእርጉዞችን ክትትልና የአካባቢ ንጽሕናን የያዙ ሁለት ሰዎች ሌሊት ሽማግሌ ያገላብጡ ማለት ግፍ ነው።

አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ለመጀመር በእርግጥ ይበቃል። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሌት ተረኛው ማን ነው? በሽተኛን ማንሣት፣ ገላውን መጠበቅ፣ መዋጥ ላቃተው ምግብ መስጠት ሁሉ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ሙያ ከሆነ ደግሞ የታወቀ ደመወዝና የዕረፍት ተራ ይገባዋል። ሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አላቸው፤ ከየወረዳው ጥቂት ወጣቶችን በዚያ አሠልጥኖ በትውልድ ቀያቸው መመደብ የማይሞከር ነገር አይመስለኝም። በጀቱ ከየት ይመጣል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ በ60 ዓመታችን ጡረታ የምንወጣ እኛ ግን ከሌላው ቀድመን ልናስብበት ይገባን ነበር።

እስከዚያው የዓመት ፈቃድ በእጃችን ነው። የወንድሞቿን አድራሻ ተቀብያለሁ፤ ነገ እጽፍላቸዋለሁ።