በፎገራ ሜዳ ስላሉት የውኃ ወፎች ቈጠራና ጥበቃ የተነገረ ንግግር



የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ምድር ነው። በክረምት ወንዞቹ ከዳርቻቸው ሲወጡ ሜዳው ባሕር ይመስላል፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ሸሸርና ወለላ በሚባሉት ረግረጎች ይቀራል። አምባዛ የተባለው ዓሣ በዚያ ይራባል፤ ከብቱም ሣር የሚያገኘው በዚያው ዳር ነው።

ሥፍራው በሩቅ አገር የታወቀው ግን በወፎቹ ነው። ከእነዚህም ዋነኞቹ እግራቸውና አንገታቸው የረዘመ፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ክሬን የሚሏቸው ናቸው። በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ግራጫው ግን የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ከአውሮጳና ከሩስያ ምድር እየመጣ በዚህ ይከርማል። ባለ ዘውዱ ዛሬ በዓለም ላይ ጥፋት ከሚያሠጋቸው ፍጥረቶች ጋር ተመዝግቧል።

ውኃው ግን እያነሰ ነው። ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ሲለካ፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1987 ከ1500 ሄክታር በላይ የነበረው ሸሸር በ2008 ከ150 ሄክታር በታች ኾኖ ተገኘ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ ረግረጉ ታረሰ፤ የቀረውም ውኃ ለበጋ መስኖ በሞተር ተሳበ። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ግን የችኰላ ፍርድ ነው፤ ሩዝ ለፎገራ ሕዝብ መተዳደሪያ ኾኖ በወረታ የሩዝ ምርምር ማእከል እስከ መቋቋም ደርሷልና። ግራጫውም ወፍ ከአጨዳ በዃላ በማሳ የረገፈውን እህል ይለቅማል። ባልታጨደው ላይ ሲወርድ ገበሬው ቢያባርረው መብቱ ነው፤ መርዝ ቢረጭ ግን ጕዳቱ ለራሱ ከብትም ይተርፋል።

ወፍ መቍጠር የልጆች ጨዋታ ይመስል ይኾናል። ነገር ግን ይህ ወፍ የሚያድረው ጥልቅ ባልኾነ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ቀበሮ ሲመጣ የውኃው ድምፅ ያነቃዋልና። ውኃው በደረቀበት አያድርም። ስለዚህ የሚያድረውን ወፍ በየዓመቱ የቈጠረ ሰው የረግረጉን ኹኔታ አብሮ መዘገበ።

ቈጠራው ጎሕ ሲቀድ፣ ወፎቹ ከማደሪያቸው ሲነሡ፣ ከሩቅ ኾኖ ይደረጋል። ኹለት ሰዎች ለየብቻቸው ይቈጥራሉ፤ ቢለያዩ ኹለቱም ቍጥሮች ይጻፋሉ እንጂ ለማስማማት አይለወጡም። ጫጩቶቹ ለብቻ ይመዘገባሉ፤ ወፉ ብዙ ዓመት ስለሚኖር፣ መንጋው ብዙ መስሎ ሳለ ተተኪ የሌለው ሊኾን ይችላልና። የሚመቸው ወር ጥር ነው፤ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1967 ዠምሮ የውኃ ወፎች በብዙ አገሮች የሚቈጠሩት በዚያው ወራት ነው። ባለ ዘውዱ በሚፈለፍልበት በክረምት ግን ተማሪዎች ወደ ጎጆው አይጠጉ።

ሽማግሎች ደግሞ በልጅነታቸው በጥምቀት ሰሞን ውኃው እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር በሥፍራው ቆመው ያመልክቱ፤ መምህሩም ስሙንና ርቀቱን ይጻፍ። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጣል፤ መምህሩ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወር ለተተኪው ያስረክባል እንጂ ይዞት አይሄድም።