የቀደሙት ሰዎች በእውነት ያምኑበት ነበርን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች ስለ አያቶቻቸው ዘመን ሲሰሙ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ሰዎች ክታብ በአንገታቸው ያስሩ፣ ቡዳን ይፈሩ፣ ቀን ጎደሎ ነው ብለው መንገድ ያስቀሩ እንደ ነበር ሲነገራቸው፣ «ግን በእውነት ያምኑበት ነበር? ወይስ ልማድ ብቻ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። «አዎን» ቢባል ቀደምቱ ሞኞች ይመስላሉ፤ «የለም» ቢባል ደግሞ አስመሳዮች ይሆናሉ። ስለዚህ ነገሩን በዐይኑ ያየ ምስክር መጥራት ይሻላል። ያም ምስክር በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያስተማረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው።

ዮሐንስ በ386 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተወለደባት ከተማ በአንጾኪያ ቅስና ተቀብሎ ወደ ቍስጥንጥንያ እስከ ተወሰደበት ጊዜ ድረስ በዚያ ሰበከ። በአጉል እምነት የሚገሥጻቸው ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት ብቻ አልነበሩም። ከፊቱ ቆመው የሚያስቀድሱት ጭምር ነበሩ። አንዳንዶች የመቄዶንያው እስክንድር ምስል ያለበትን የናስ ገንዘብ በራሳቸውና በእግራቸው ያስሩ ነበር። ሞግዚቶች ከመታጠቢያው ጭቃ በጣታቸው ዝቀው የሕፃኑን ግንባር ይቀቡታል፤ ከክፉ ዐይን እንዲጠብቀው ነው። በእጁም ቀይ ክር ያስሩለታል። ስም ሊያወጡለት ሲሹ ደግሞ ብዙ መብራቶች ያበሩና ለእያንዳንዱ መብራት ስም ይሰጡታል፤ ከሁሉ ረዝሞ የቆየው መብራት ስም ለሕፃኑ ይሆናል፤ ዕድሜው እንደ መብራቱ እንዲረዝም።

መብራት የሚቆየው በዘይቱ ብዛትና በፈትሉ ውፍረት መሆኑን የአንጾኪያ እናቶች ያላወቁ እንዳይመስለን። በየምሽቱ ዘይት የሚሞሉትና ፈትል የሚያስተካክሉት ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። እንግዲህ ነገሩን የዕውቀት ማነስ ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በዚያ ዘመን ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። መድኃኒት በሌለበት ቤት፣ ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛውን የታቀፈች እናት መብራት አብሩ ብትባል ታበራለች። ልጁ ቢያድግ መብራቱ ይመሰገናል። ቢሞት ግን ለሞቱ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል እንጂ መብራቱ አይከሰስም። ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው፤ የሠመረው ይነገራል፣ ያልሠመረው ይረሳል።

ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ልክ ያምን ነበር ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በሮም የነበረው ሲሴሮ በወፎች ሁኔታ የአማልክትን ፈቃድ የሚመረምር ሹመት ነበረው። ሆኖም በ44 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ጥንቆላ በጻፈው መጽሐፍ ያንኑ ሥራ የሚነቅፍ ረጅም ክርክር አቀረበ፤ ሥርዐቱ ግን ለመንግሥት ሲባል እንዲጠበቅ ፈለገ። ሳያምን የሚፈጽም ሰው በጥንትም ነበር ማለት ነው።

በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይታያል። ዮሐንስ ሲገሥጻቸው ሰዎቹ ይመልሱለታል፤ ነገሩ ተራ ድግምት እንጂ ጣዖት ማምለክ አይደለም ይሉታል፤ የምትደግመው አሮጊት ክርስቲያን ናት፣ የምትጠራውም የእግዚአብሔርን ስም ብቻ ነው ይሉታል። እንዲህ ያለ ማመካኛ የሚያቀርብ ሰው ልቡ ሁለት የሆነ ሰው ነው። ፈጽሞ ቢያምንበት ኖሮ ባላፈረበት፤ ፈጽሞ ባያምንበት ኖሮ በተወው። «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው የአገራችን አነጋገር የዚህን ሰው ልብ ይገልጻል። ብዙው ሕዝብ በዚህ በ«ምናልባት» ላይ ይኖር ነበር።

የ«ምናልባት» ኃይል የሚታወቀው ግን በጭንቅ ቀን ነው። ዮሐንስ በቈላስይስ መልእክት ላይ በሰጠው ትምህርት ልጇ የታመመባትን እናት ያነሣል። ክታብ እሰሩለት እየተባለች አልቀበልም ያለችውን እናት ከሰማዕታት ጋር ይቈጥራታል፤ በልቧ ልጇን ሠውታለችና። ለጥያቄው ትልቁ መልስ ያለው በዚህ ንግግር ውስጥ ነው። ማንም የማያምንበትን ተራ ነገር የተወ ሰው ሰማዕት አይባልም። ዮሐንስ ክታቡ ኃይል የለውም ብሎ ያስተምራል፤ እናቲቱ ግን ክታቡን ስትተው የልጇን የመዳን ተስፋ የተወች ያህል እንደሚሰማት ያውቃል። ስለዚህም አልሣቀባትም። ክታቡን ነቀፈ፤ ፍርሃቷን ግን አከበረ።

በኢትዮጵያም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችን አሳደዱ፤ ሰዎች በግንባራቸው የሥላሴን ስም፣ በእጃቸው ሰይጣንን የሚክዱበትን ቃል እንዲጽፉ አዘዙ። ማንም በማያደርገው ነገር ላይ እንዲህ ያለ ዐዋጅ አይወጣም። በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የብራና ክታቦችም ምስክር ናቸው። ብዙዎቹ ሕፃናትን ስለምትገድለው ስለ ውርዝልያና ስላሸነፋት ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚናገር ጽሑፍ አለባቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት የክርስትና ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም ገብቶበታል። ያ የተፋቀ ስም ብዙ ይናገራል፤ ብራናው ከአንዲት እናት ወደ ሌላይቱ ሲተላለፍ አብሮ የተላለፈው የልጅ ሞት ፍርሃት ነው።

የዛሬው ዘመን ከዚህ ነፃ ነው የሚል ካለ በአሜሪካ ከተሞች ወደ አንድ ረጅም ሕንፃ ይግባና በአሳንሰሩ ውስጥ ያሉትን ቍጥሮች ይመልከት። በብዙዎቹ ከ12 ቀጥሎ የሚመጣው 14 ነው። መሐንዲሱ የእያንዳንዱን ፎቅ ክብደት ሲያሰላ 13ኛውን ፎቅ አልዘለለውም፤ የተዘለለው በቍጥሩ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚነሣ ትውልድ «በእውነት ያምኑበት ነበርን?» ቢል ምን ይመለስለታል? ይህን ጸሎት ለዐሥር ሰው ካልላክህ ክፉ ነገር ይደርስብሃል የሚል መልእክት በስልኩ የደረሰው ምእመንም ሳያምንበት፣ ግን «ምናልባት» ብሎ ይልከዋል።

በዚህ ጊዜ አስተዋይ ልጅ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። «እንግዲያስ በግንባር ላይ በሚቀባው ጭቃና በግንባር ላይ በሚደረገው የመስቀል ምልክት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» ጥያቄው በቍጣ ሊዘጋ አይገባም። ዮሐንስ ራሱ ሁለቱን ጐን ለጐን አቁሟቸዋል፤ በጭቃው ፈንታ ሕፃኑን በመስቀል ምልክት አትሙት፣ ስሙንም ከመብራት ሳይሆን ከቅዱሳን አውጡለት ብሏል። ልዩነቱ ጭቃው ውጤት እንዲያመጣ የሚጠበቅበት መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ውጤት ካላመጣ ይጣላል፣ ሌላም ይፈለጋል። መስቀል ግን ራሱን አሳልፎ የሰጠ ጌታ ምልክት ነው፤ ልጁ ቢድንም ባይድንም አይጣልም። ዮሐንስ ያመሰገናት እናት ልጅሽ በእርግጥ ይድናል አልተባለችም። መስቀልን እንደ ክታብ የሚይዝ፣ ጠበልንም እንደ ንግድ ውል የሚያይ ሰው ካለ በስሙ መስቀል ይዞ በልቡ ጭቃውን ይዟል።

እንግዲህ ዛሬ የልጅ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር በአንድ አዳራሽ በተቀመጡበት በዚህ የምስረታ በዓል፣ ልጆች ለጠየቁት ጥያቄ እውነተኛው መልስ ይህ ነው። አንዳንዶች ያምኑ ነበር፣ አንዳንዶች አያምኑም ነበር፣ አብዛኞቹ ግን ይፈሩ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት ነበረው። ከአያት ሻንጣ በቆዳ የተሰፋ አሮጌ ክታብ የሚያገኝ ቤተሰብ አንገቱ ላይ አያድርገው፤ በአያቱም አይሣቅ። ይልቁንስ አያቱ በሕይወት ካለች አጠገቧ ይቀመጥና «እማማ፣ ያን ጊዜ የታመመብሽ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።