የጀርመን የመጀመሪያዎቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች



በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 7 ቀን 1835 ከኑረምበርግ ወደ ፉርት የሄደውን ባቡር የሳበው እንግሊዝ ሠራሹ «አድለር» ነበር። ከኋላው የተቀጠሉት ቢጫ ፉርጎዎች ግን የፈረስ ሠረገላ ሣጥን በብረት መንኰራኵር ላይ የተጫነባቸው ነበሩ፤ የሰው ደረጃም አብሮ ተጫነ። አንደኛ ማዕረግ ባለመስተዋት መስኮት፣ ሁለተኛው የሸራ ጣራ ነበረው። ሦስተኛው መጀመሪያ ጣራም አልነበረውም፤ ዝናቡና የእሳቱ ፍንጣሪ በድኻው ራስ ላይ ይወርድ ነበር። ለመሆኑ ይህን ያቀደውን ሰው ዝናብ መትቶት ያውቃል? የሚደርሱት እኮ ሁሉም እኩል ነው!

በ1852 ደግሞ ፕሩሲያ አራተኛ ማዕረግ ጨመረች፤ ተሳፋሪው በአብዛኛው ቆሞ ይሄድ ነበር። ይህ ማዕረግ የቀረው በ1928 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ፉርጎዎች ቁጥር 8 ዛሬም በኑረምበርግ ሙዚየም ቆሞ ይታያል፤ የሁለተኛ ማዕረግ ነው።